ባሕር አጥር የለውም

ለውድ ወንድሜ ለሂኔስ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበትክ? ያ ሲያስቸግርህ የከረመው ሳል ለቀቀህ ወይ? እዚያ ቺሊ አሁን የክረምቱ ወገብ ነውና እግርህን አሙቅ፤ ከልጅነትህ ጀምሮ ብርድ የሚገባብህ በእግርህ በኩል መሆኑን አልረሳሁም። ባለቤትህ ማይቴስ እንዴት ናት? ወገቧን ተሻላት? መንትዮቹስ ጥርስ መለወጥ ጀመሩ? ባለፈው በላክልኝ ፎቶግራፍ ላይ ትንሹ ቁርጥ እማማን መስሏል፤ ግንባሩን እንኳ የሚቋጥረው እንደ እርሷ ነው። ሳምልኝ፣ ሁለቱንም እየለየህ ሳማቸው፤ አንዱን ሁለት ጊዜ እንዳትስም።

እኛን ብትጠይቅ አካላችን ደህና ነው። ይህን የምጽፍልህ ከምሳ በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ነው። ቤቱ በሙሉ ተኝቷል። ባለቤቴ ራሚሮ እንደ አሮጌ ጀልባ ሞተር ያንኮራፋል። አክስታችን ኦብዱሊያ ማራገቢያዋን ደረቷ ላይ እንደያዘች ሸለብ አድርጓታል። ልጄ አዙሴና ብቻ የዋና ልብሷን ለብሳ ሰዓት ትቆጥራለች፤ ምሳ ከተበላ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ወደ ባሕር መግባት በዚህ ቤት ዛሬም ክልክል ነው። እማማ ከሞተች ሁለት ዓመት ቢያልፍም ሕጓ አልሞተም።

የቀረው ሁሉ እንደምታውቀው ነው። እሑድ እሑድ ራሚሮ በዓሣ መረቅ ሩዝ ይሠራል፤ ያሳርረዋል፤ ከዚያ የሩዝ ጣዕሙ ከታች የያዘው ነው እያለ ይሟገተናል። ኦብዱሊያ በካርታ ታጭበረብራለች። ባለፈው ሳምንት ከቀሚሷ ስር ንጉሥ ተገኝቶባት እንኳ ንፋስ ነው ያስገባው ብላ ማለች። ማታ ማታ በባሕሩ ዳር መንገድ እንንሸራሸራለን፤ አዙሴና የሎሚ አይስክሬሟን፣ እኔ ጫማዬን በእጄ ይዤ። ሐብሐቡ ዘንድሮ ጥሩ ነው።

ሸሸሁ አይደል? አንተ ታውቀኛለህ፤ ስለ ሐብሐብ ማውራት ስጀምር አንድ ነገር ደብቄአለሁ ማለት ነው። ሦስት ጊዜ በስልክ ልነግርህ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ሙቀቱ አውርቼ ዘጋሁ። ስለዚህ እጽፈዋለሁ። ወረቀት ዓይን የለውም፤ አያፈጥብኝም። ወንድሜ፣ አፍሬአለሁ። ይህን ያህል ያፈርኩበት ቀን በሃምሳ ሁለት ዓመቴ አላውቅም።

የአባባን የንጋት ሥራ ታስታውሳለህ። ሰማንያ አንድ ዓመት ሞልቷቸውም ጎህ ሳይቀድ ይነሳሉ፤ ጋሪያቸውን እየጎተቱ ይወርዳሉ፤ ሰማያዊና ነጩን ጃንጥላ ውሃው ጫፍ ላይ ይተክሉና ወንበሮቹን በረድፍ ይዘረጋሉ። አራት ለእኛ፣ አንድ ለራሳቸው፣ በመጨረሻም አረንጓዴው የእማማ ወንበር፤ አንተ በመጀመሪያ ደሞዝህ የገዛህላት፣ አሁን ክንዱ በፕላስተር የተጠቀለለው። ማንም አይቀመጥበትም። አባባ የገለባ ባርኔጣቸውን ያኖሩበታል፣ ያ ብቻ ነው። ከዚያ ተመልሰው ቁርሳቸውን ይበላሉ። እኛ እንደ ልባችን ተኝተን ተነስተን በአራት ሰዓት ስንወርድ፣ ከኋላ ሰው እንደ ሰርዲን ተጠቅጥቆ፣ የእኛ ቦታ ከፊት ይጠብቀናል። አርባ ዓመት እንዲህ ነው የኖርነው።

ብቻቸውንም አይደሉም። የሕንፃው ሽማግሌዎች ሁሉ በዚያ ሰዓት እዚያው ናቸው፤ ማን ቀደመ ማን ዘገየ እየተባባሉ ይነታረካሉ። የሁለተኛ ፎቁ ካሲሚሮ በቀደም አባባን፣ “አንተ እኮ ኤላዲዮ ስትሞት እንኳ ቀድመህ መቃብር ሄደህ ጃንጥላ ትተክላለህ” ቢሏቸው፣ አባባ ደግሞ “አንተ ከኋላዬ እንድትሰለፍ ነዋ” ብለው መለሱላቸው። እነዚህ ሰዎች የሚስቁት ያኔ ነው። ቀኑን ሙሉ ከልጅና ከልጅ ልጅ ጋር ሲውሉ እንደዚያ ሲስቁ አላይም።

እማማ በየጠዋቱ እንዴት ታሾፍባቸው እንደነበርስ? “ኤላዲዮ፣ ባሕር አጥር የለውም፤ ዛሬ ደግሞ ከየት እስከ የት አጠርከው?” ትላቸው ነበር። ምንጣፍና ሕፃን ተሸክሞ ዘግይቶ የመጣ ቤተሰብ ባየች ቁጥር ደግሞ ያንኑ ቃል እያለች ወንበሯን ጠጋ አድርጋ ቦታ ትሰጣለች። አባባም እያጉረመረሙ ጃንጥላውን ያዞሩላቸዋል። ይህን ቃሏን ያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ዘንድሮ የላይኛውን ፎቅ፣ ያን ሰገነት ያለውን ቤት፣ ሌኦካዲያ የሚባሉ ሴት ከማድሪድ መጥተው ገዙት። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በትምህርት ሥራ ላይ ትልቅ ሹመት ነበራቸው። እኔ የአንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ነኝ። አሳንሰር ውስጥ ተገናኝተን ሥራዬን ጠየቁኝና “እንግዲያው የሙያ እህት ነሽ፤ ማታ ወደ ሰገነቴ ብቅ በይ” አሉኝ። የደረጃ እድገት የተሰጠኝ ያህል ደስ አለኝ። ራሚሮን ትቼ፣ ሐሙስ ገበያ የገዛሁትን ቀሚስ ትቼ፣ ለትምህርት ቤት ምረቃ የማስቀምጠውን ለብሼ ወጣሁ። ከሦስተኛ ፎቅ ወደ ሰባተኛ ለመውጣት ተኩዬ ነው የሄድኩት፤ እስቲ አሁን ምን ይባላል?

ከሰገነቱ ላይ ባሕሩ ዳር እንዳለ ይታያል። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ቡና ጋብዘውኝ ቁጭ ብለን ሳለ፣ ወይዘሮ ሌኦካዲያ ወደ ታች በጣታቸው አሳዩን። ሰው የሌለበት የጃንጥላ ሰልፍ ውሃው ዳር ተደርድሯል። ይህ ኋላ ቀርነት ነው፣ ሽማግሌዎች በሌሊት ተነስተው የሕዝቡን ባሕር ይቀማሉ፣ በሌላ አገር ቢሆን አይፈቀድም አሉ። ሌሎቹ እንግዶች ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከግራ ሁለተኛው ጃንጥላ የአባቴ እንደሆነ አልተናገርኩም። አረንጓዴው ወንበር ከዚያ ሆኖ እንኳ ይታይ ነበር።

ከዚያ ለማዘጋጃ ቤቱ አቤቱታ ይጻፍ ተባለ። ማን ይጻፈው ሲባል ወይዘሮ ሌኦካዲያ ወደ እኔ ዞረው፣ አንቺ ብዕር ያለሽ ሰው ነሽ አሉኝ። ሂኔስ፣ አልተገደድኩም። ማንም እጄን አልጠመዘዘም። ተቀምጬ ጻፍኩት፤ ይበልጥ እንዲያምር ብዬ ሁለት ጊዜ ገለበጥኩት። ማሳረጊያ ጠፍቶኝ ሳስብ የእማማ ቃል ከአፌ ስር መጣልኝና “ባሕር አጥር የለውም” ብዬ ዘጋሁት። ሳነብላቸው አጨበጨቡልኝ። እማማ ሰውን ለማስጠጋት የተናገረችውን እኔ አባቴን ለማስነሳት ጻፍኩት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባላል፤ እኔን ነው።

ስም አልተጻፈበትም፤ “የሕንፃው ነዋሪዎች” ብቻ ይላል። አንዱን ቅጂ ለማዘጋጃ ቤት ልከው አንዱን በታችኛው መግቢያ በር ላይ ለጠፉት። መጀመሪያ ሳየው ልቤ ደነገጠ። ኋላ ግን አባባ ያለ መነጽር የጋዜጣ ርዕስ እንኳ አይለዩም፣ መነጽራቸው ደግሞ ከመሳቢያ አይወጣም ብዬ ተጽናናሁ። ለነገሩ ማዘጋጃ ቤት መቼ ደብዳቤ ያነባል ብዬም ነበር። አነበቡ። በሳምንቱ ባሕሩ ዳር ላይ ሰሌዳ ቆመ፤ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ሰው ያልተቀመጠበት ወንበርና ጃንጥላ ይወሰዳል ይላል። ሽማግሌዎቹ ሰሌዳው ላይ ባርኔጣቸውን ሰቅለው ሳቁበት።

የፍልሰታ ዕለት፣ ኦገስት አሥራ አምስት፣ እንደምታውቀው ከተማው በሙሉ ባሕር ይወርዳል። አባባ እንደ ልማዳቸው በንጋት ተክለው መጡ። በበዓል ቀን ደግሞ ለቁርስ ቹሮ፣ ያን በዘይት የተጠበሰ ሊጥ፣ የሚያመጡልን እርሳቸው ናቸው፤ ሰልፉም ረጅም ነው። በሩ ላይ ቆመው “ኮንሱዌሎ፣ እኔ ቹሮ ልሰለፍ። እስክመጣ ውረጂና ተቀመጪ፤ ሰው የተቀመጠበትን አይነኩም” አሉኝ። እሺ አልኩ። ወረድኩም። ከሦስት ሰዓት በፊት ነበር።

ወንበራችን ጋ ለመድረስ አሥር እርምጃ ሲቀረኝ ወይዘሮ ሌኦካዲያ ከአንዲት ወዳጃቸው ጋር በውሃው ዳር እየሄዱ አገኙኝ። ቆም ብለን ሰላም ተባባልን። ባለፈው ስለጻፍኩት ደብዳቤ ለወዳጃቸው ይነግሯቸው ጀመር። እኔም ቆሜ እሰማለሁ። አሥር እርምጃ ብቻ፣ ሂኔስ። ሄጄ አረፍ ብል ኖሮ ሁሉ ነገር ባለቀ ነበር። ግን ከተቀመጥኩ የዚያ ሰልፍ ባለቤት መሆኔ ሊታወቅ ነው። ቆየት ልበል፣ ይሂዱና እቀመጣለሁ እያልኩ ቆምኩ። የደንብ አስከባሪዎቹ ፒካፕ መኪና ከወደ መንገዱ መጣ።

ሁለት ነበሩ። አንዱ ጃንጥላዎቹን እየነቀለ ሲጭን፣ አንዱ በእጁ ወረቀት ይዞ ይጠይቃል። የእኛ ጋ ሲደርስ ዙሪያውን አየ። በአቅራቢያው ያለነው እኛ ሦስት ሴቶች ነን። ወደ እኔ ዞሮ በትሕትና፣ “እትዬ፣ ይህ የእርስዎ ነው?” አለኝ።

“አይደለም” አልኩት።

ያቺን አንዲት ቃል ስንት ጊዜ ልመልሳት ሞከርኩ መሰለህ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። እነዚያ ወንበሮች እየታጠፉ ሲጫኑ ቆሜ አየሁ። አረንጓዴው አልታጠፍ ብሎ ታገላቸው፤ እማማ ብቻ ነበረች ብልሃቱን የምታውቀው። ልጁ በጉልበቱ ሲጫነው አንድ እግሩ ተጣመመ። የአባባ ባርኔጣ አሸዋው ላይ ወደቀ። ወይዘሮ ሌኦካዲያ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ አየሽ ደብዳቤሽ ሥራ ሠራ አሉኝ።

ቀና ስል አባባ ከመንገዱ ወደ አሸዋው በሚያወርደው ደረጃ ላይ ቆመዋል። ቅባት የጠጣ የቹሮ ወረቀት በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ አላውቅም። ቀስ ብለው መጡ፤ ባርኔጣቸውን አንስተው አራገፉት። ወይዘሮ ሌኦካዲያ የማን አባት እንደሆኑ ሳያውቁ፣ ሕፃን እንደሚመከር፣ “አባት፣ ባሕር አጥር የለውም እኮ” አሏቸው። አባባ ይህን ሲሰሙ ሴትዮዋን ሳይሆን እኔን አዩ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

የደንብ አስከባሪው ልጅ ክፉ አልነበረም። ዕቃው የእርሳቸው መሆኑን ጠየቃቸው፤ አዎ አሉ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “አባት፣ የእርስዎ ሰው እዚህ ቆሞ ይጠብቅ ከነበረ ይንገሩኝና አሁኑኑ ላውርድልዎት” አላቸው። በጣታቸው ቢያሳዩኝ ይበቃ ነበር። ከእርሳቸው ሁለት ክንድ ርቄ ነው የቆምኩት።

“የለም ልጄ” አሉ አባባ። “ብቻዬን ነኝ።”

እንግዲህ ይኸው ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይባላል፤ አሸዋ ግን አይከፈትም። አባባ ወደ ቤት ሄዱ። እኔ ወይዘሮ ሌኦካዲያ እስኪሸኙኝ ድረስ አብሬያቸው ተራመድኩ፤ ይህንንም ልንገርህ፣ ከዚያ በኋላ እንኳ ተራመድኩ። ቤት ስገባ ሁሉም ገበታ ላይ ነበር። አባባ ቹሮውን እያከፋፈሉ ነው። ለእኔ ጥርት ብሎ የተጠበሰውን፣ ሁልጊዜ ለእማማ የሚመርጡላትን ዓይነት አስቀምጠውልኛል። ወንበሮቹ እንደተወሰዱ ለቤተሰቡ ሲናገሩ፣ “ሰልፉ አቆየኝ” ብቻ አሉ። እኔን አንቺስ ምን አደረግሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ያን ቹሮ በላሁት፤ አሸዋ አሸዋ አለኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አባባ በንጋት አልተነሱም። ወደ ባሕርም አልወረዱም። ጉልበቴን አሞኛል ይላሉ፤ ቀኑን ሙሉ በጓሮ በኩል ባለው የማድ ቤት መስኮት ተቀምጠው የተሰጣ ልብስ ያያሉ። ካሲሚሮ ሁለት ጊዜ መጥተው ቢጠሯቸው ነገ ነገ አሏቸው። ኦብዱሊያ ትናንት ካርታ እያደለች፣ ወደ እኔ ሳታይ፣ “ለጉልበት ቅባት አለው፤ የኤላዲዮ ሕመም ግን ጉልበት አይመስለኝም” አለች። ይህች ሴት በካርታ ታታልላለች እንጂ አትታለልም።

በሦስተኛው ቀን የማዘጋጃ ቤቱ መጋዘን ሄድኩ። የማን ነው ቢሉኝ የእናቴ ነው አልኩ። እናትሽ ትምጣና ትፈርም አሉኝ። ሞታለች ስል ሰውየው እስክሪብቶውን ለእኔ ሰጠኝ። ጃንጥላውንና የእኛን ወንበሮች ራሚሮ በመኪና አመጣቸው፤ አረንጓዴውን ግን እኔ በራሴ ተሸክሜ፣ በቀትር፣ በባሕሩ ዳር መንገድ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ አመጣሁት። ወይዘሮ ሌኦካዲያ ከሰገነታቸው ሆነው እጃቸውን አውለበለቡልኝ። እኔ ነፃ እጅ አልነበረኝም። ይህን ሳደርግ ቅጣቴን የተቀበልኩ መስሎኝ ነበር፤ ግን አንድ ወንበር ተሸክሞ መሄድ ምን ቅጣት ነው? አባባ የተጣመመውን እግር ዳሰሱት፤ በሽቦ አስረው አቀኑት፤ ከበሩ ኋላ አቆሙት።

ወንድሜ፣ ምክርህን እፈልጋለሁ። መካዴን አይተዋል፤ እርሱን መሸሸግ አልችልም። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ መሆኔን ግን አያውቁም። ልንገራቸው ወይስ ከእኔ ጋር ይቅር? ልነግራቸው ወደ ማድ ቤቱ እሄድና ውሃ ጠጥቼ እመለሳለሁ። በዚህ ስምንት ቀን እንደ እኔ ውሃ የጠጣ ሰው የለም። በዚህ በጋ ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ያኛውን ለጭብጨባ፣ ይህንን ለአንተ። ያኛው ይበልጥ ያማረ ነበር።

አሁን ቤቱ መንቃት ጀምሯል፤ ሰላምታቸውን ላቀብልህ። ራሚሮን ክፉኛ ናፍቀኸዋል፤ ስትመጣ ያልተቃጠለ ሩዝ እሠራልሃለሁ ይልሃል፣ አትመነው። ኦብዱሊያ መንትዮቹን ጉንጫቸውን ትስምና ካርታ የሚያስተምራቸው ሰው እንዳትቀጥር፣ እርሷ ራሷ ታስተምራቸዋለች ትላለች። አዙሴና ከቺሊ ድንጋይ እንድትልክላት ታስታውስሃለች፤ የሚያብረቀርቅ ይሁን ብላለች። ካሲሚሮም ያ ረጅም ልጅ እንዴት ነው ብለው ጠይቀውሃል።

ይህን ጽፌ ልዘጋ ስል አባባ ከእንቅልፋቸው ተነስተው ወደ በረንዳው መጡ። በዚህ ስምንት ቀን ውስጥ ባሕሩ ወደሚታይበት በኩል ሲመጡ የመጀመሪያቸው ነው። ለሂኔስ እየጻፍሽ ነው ወይ አሉኝ። አዎ፣ ምን ልበልልዎት አልኳቸው። ሰላም በይልኝ፣ እግሩን ያሙቅ አሉ። ከዚያ ወረቀቱን ሳያዩ፣ ባሕሩን እያዩ፣ እንዲህ አሉኝ፤

“አጻጻፍሽ ጥሩ ነው። ያ በር ላይ የለጠፉትም ጥሩ ነበር። በተለጠፈ ዕለት ካሲሚሮ ነው ያነበበልኝ። ባሕር አጥር የለውም የምትል እናትሽ ነበረች፤ ከእርሷ ወዲያ አንቺ ነሽ።”

በተለጠፈ ዕለት ነው ያሉት፣ ሂኔስ። እንግዲያው በዚያ በበዓል ጠዋት በሩ ላይ ቆመው ውረጂና ተቀመጪ ሲሉኝ ያውቁ ነበር። ያንን ሁሉ እያወቁ ነው ወንበራቸውን ለእኔ አደራ የሰጡት።

አለቀስኩ። አባባ ልቅሶዬን እስክጨርስ ጠበቁና፣ ነገ ጠዋት ትወርጂ እንደሆነ ጃንጥላውን አልተክልም፣ ክልክል ነው፤ ወንበሯን ብቻ ይዘሽ ውረጂና ተቀመጪበት፣ እኔ ስመጣ ላግኝሽ አሉኝ። ከላይ ያለችው ሴት ብታይሽስ አላሉኝም። እሺ አልኳቸው። ባለፈውም እሺ ብያቸው ነበር። እርሳቸው ሁለተኛ አይጠይቁኝም፤ ስለዚህ አንተ ጠይቀኝ። ይህ ደብዳቤ በደረሰህ ቀን ደውልና፣ ስለ ሙቀቱ ሳላወራህ በፊት፣ ተቀመጥሽ ወይ በለኝ።

እህትህ ኮንሱዌሎ

ካላ ዴል ሳላር፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ኦገስት 23 ቀን